በሦስት ፓውንድ የሚደረስ ገጠር፣ በወረቀት የሚዘጋ መንገድ

ከ26 ጁን፣ ሀርጌሳ

በኖቬምበር 2025 ከእንግሊዝ የመጣውን የታክሲ ዜና ብዙዎቻችሁ በስልካችሁ ሳታዩት አልቀራችሁም። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሻባና ማህሙድ፣ ጥገኝነት ጠያቂዎችን ወደ ሐኪም ቀጠሮ በታክሲ ማመላለስ ከፌብሩዋሪ 2026 ጀምሮ ይቀራል አሉ (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ ለየት ያለ ሲሆን እናገራለሁ)። ነገሩን ያነሳሳው የቢቢሲ ምርመራ ነበር። አንድ ሰው ሐኪም ዘንድ ለመድረስ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በታክሲ ተወስዶ፣ መንግሥት ለዚያች ጉዞ 600 ፓውንድ ከፍሏል። ፌስቡክ ላይ የነበረውን ጩኸት አይታችሁታል። የእኛ ሰዎች ሳይቀሩ «እንዴት ቢንደላቀቁ ነው!» ሲሉ ነበር።

እኔን የያዘኝ ግን እዚያው ዘገባ ውስጥ በአንድ መስመር ያለፈች ሌላ ነገር ናት። ሆቴል ለገባ ጥገኝነት ጠያቂ የሚሰጠው የአውቶቡስ ማለፊያ በሳምንት ለአንድ ደርሶ መልስ ጉዞ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ መሄድ፣ አንድ ጊዜ መመለስ፣ በቃ። ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ታክሲ ይጠራለት የነበረውም ከዚህ የተነሳ ነበር። ቀጠሮ መኖሩን በወረቀት ያሳይ ነበር፣ ታክሲው ይታዘዝለት ነበር፣ በአውቶቡስ ወይም በእግር ልሂድ ማለት እንደ አማራጭ አይቀርብለትም ነበር። ማለት ሰውዬው በሳምንት ስድስቱን ቀን እግሩ እስከሚያደርሰው ድረስ ብቻ ይኖራል፣ አንዱን ቀን ደግሞ አውቶቡስ እስከሚያደርሰው። ስለዚያች አንድ ቀን ነው የምጽፈው፤ ምክንያቱም በካኩማ፣ በኡም ራኩባም ሆነ እዚህ ሀርጌሳ ለተቀመጥን ሰዎች ጥያቄው ያው ነው። ስደተኛ ከተሰጠው ቦታ ተነስቶ እስከ የት መሄድ ይችላል? የሚከለክለውስ ማን ነው?

መጀመሪያ እንግሊዞቹ ራሳቸው ያን አውቶቡስ ምን እንደሚያደርጉበት ላስረዳ። ቅዳሜና እሁድ ከተሜው አውቶቡስ ይሳፈርና ገጠር ይወርዳል። ሦስት አራት ሰዓት በእርሻና በኮረብታ መሃል ይሄዳል። ሌላ መንደር ሲደርስ ደግሞ ሌላ አውቶቡስ ይዞ ይመለሳል። የሚገዛው ነገር የለም፣ የሚሸጠውም የለም፣ የሚጠይቀው ዘመድም የለውም። ለምሳሌ ሼፊልድ ከሚባለው ከተማ 272 ቁጥር አውቶቡስ ካስልተን ወደሚባል የገጠር መንደር ይሄዳል። ከካስልተን ደግሞ 517 ሜትር ከፍታ ያለው ማም ቶር የሚባል ኮረብታ ላይ በእግር ይወጣል። ሼፊልድን የጠቀስኩት በዘፈቀደ አይደለም። በ2007 ስደተኛን የምትቀበል ከተማ ነኝ ብላ የተሰየመች የመጀመሪያዋ የእንግሊዝ ከተማ ናት፤ ዛሬም ጥገኝነት ጠያቂዎች ይኖሩባታል። ዋጋውን በተመለከተ፣ መንግሥት የአንድ መንገድ የአውቶቡስ ሂሳብ ከ2023 ጀምሮ ከ2 ፓውንድ እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። በጃንዋሪ 2025 ጣሪያው ወደ 3 ፓውንድ ከፍ አለ፤ እስከ ማርች 2027 በዚያው ይቀጥላል ተብሏል።

እንግሊዝ ያለው ገጠር ሁሉ አውቶቡስ እንደ ልብ ነው ብዬ አላታልላችሁም። ብዙ መንደሮች በቀን አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚደርሳቸው፣ እሁድ ጭራሽ የማይደርሳቸውም አሉ። ዮርክሻየር ዴልስ በሚባለው አካባቢ የእሁድ አውቶቡሶችን መስመር የሚያቅዱት በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ይህን ለተማሪዎቼ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ስነግራቸው አንዷ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ማን አባሯቸው ነው?» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጥያቄዋ ግን የሚያስቅ አይደለም። የእሷ ቤተሰብ በእግር የሄደው አንድ ጊዜ ነው፣ የዚያን ጊዜም ምክንያት ነበረው። እኛ ዘንድ ሰው በእግሩ የሚሄደው ወይ ሸሽቶ፣ ወይ ተልኮ፣ ወይ ለውሃና ለእንጨት፣ ወይ ለንግሥ ነው። «እግሬን ላፍታታ» ብሎ መውጣት ያለ ነገር ቢሆንም፣ ከሰፈሩ መጨረሻ አያልፍም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እንግሊዞች ገጠር ለገጠር እንዲህ እንደልባቸው የሚሄዱት አገራቸው ስለሆነ ብቻ ይመስላችኋል? እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ግን በሕግ የተጻፈ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የእግርና የፈረስ መንገድ በድምሩ 225,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። መንገዱ የሚያልፈው ብዙውን ጊዜ በግለሰብ እርሻ ላይ ነው። መሬቱ የገበሬው ነው፣ ማለፉ ግን የማንኛውም ሰው መብት ነው፤ ገበሬው አጥር ቢያጥር እንኳ መተላለፊያ በር ሊተውለት ይገባል። የሚያልፈውን ሰው «ማን ነህ? ከየት ነህ? መታወቂያ!» የሚል የለም።

ይህም በስጦታ የመጣ አይደለም። ኤፕሪል 24፣ 1932 እሁድ ቀን 400 የሚሆኑ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የማንቸስተር ወጣት ሠራተኞች፣ ኪንደር ስካውት በሚባል ተራራ ላይ ሆን ብለው ያለፈቃድ ወጡ። ተራራው የባለርስቶች የአደን ቦታ ስለነበር ተራ ሰው አይረግጠውም ነበር። ከመሪዎቹ አንዱ ቤኒ ሮትማን ገና የ20 ዓመት ልጅ ነበር። ፖሊስ ባቡር ጣቢያ ላይ እንዳይዘው ብስክሌት ነድቶ ነው የመጣው። አምስት ወጣቶች ከሁለት እስከ ስድስት ወር ተፈረደባቸው። ሮትማን አራት ወር ታሰረ። የታሰሩት ስለተራመዱ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ 17 ዓመት ቆይቶ በ1949 ስለ ብሔራዊ ፓርኮችና ስለ ገጠር መንገዶች ሕግ ወጣ። ያ ተራራ ያለበት ፒክ ዲስትሪክት በኤፕሪል 1951 የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ2000 ደግሞ በተራራና በሜዳማ ገላጣ ቦታዎች ላይ ከመንገድ ወጥቶም መሄድን የሚፈቅድ ሌላ ሕግ ተጨመረ።

1951ን ልብ በሉልኝ። በዚያው ዓመት ጁላይ 28 ቀን ጄኔቫ ላይ የስደተኞች ኮንቬንሽን ጸደቀ። ካምፕ ውስጥ ስለ ኮንቬንሽኑ ሲነገረን የምንሰማው ስለ መመለስ ክልከላ ነው፣ ማለትም ማንም ወደሚገደልበት አገር በግድ እንዳይመለስ የሚለውን። አንቀጽ 26ን ግን ማንም አያነብልንም። አንቀጽ 26 የሚለው፣ በሕጋዊ መንገድ በአገሪቱ ያለ ስደተኛ የሚኖርበትን ቦታ የመምረጥና በአገሪቱ ውስጥ በነጻ የመንቀሳቀስ መብት አለው ነው። ገደብ ካለ፣ በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ላለ ሌላ የውጭ አገር ሰው የሚሠራው ገደብ ብቻ ነው። ሌላው የውጭ አገር ሰው የካምፕ አጥር ከሌለበት ለስደተኛ ብቻ አጥር መሥራት ከየት መጣ?

መልሱ እንደ አገሩ ነው። ሱዳን ኮንቬንሽኑን ስትቀበል አንቀጽ 26 አይመለከተኝም ብላ በጽሑፍ አስመዝግባለች። ስለዚህ በገዳሪፍ ኡም ራኩባ ያላችሁ ወገኖች «ለምን አንወጣም?» ስትሉ የምታገኙት መልስ ከካምፑ ኃላፊ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ከመጀመሪያውም ከፊርማው ጋር የተጻፈ ነው። ኬንያ እንዲህ ያለ ነገር አላስመዘገበችም፣ በተግባር ግን ከካኩማና ከዳዳብ የሚወጣ ሰው የመንቀሳቀሻ ፈቃድ መያዝ አለበት። በማርች 2025 ይፋ የሆነው የሺሪካ እቅድ ካምፖቹን ቀስ በቀስ ወደ ተራ ከተማነት እለውጣለሁ ይላል፤ ዋናው ፈተናው ያቺ የፈቃድ ወረቀት ትቀራለች ወይ የሚለው ይመስለኛል። ትምህርት ቤትና ክሊኒክ አንድ ላይ ቢሆን፣ አውቶቡስ ላይ ፖሊስ ካወረደህ ያው ካምፕ ነው። ኡጋንዳ በ2006 ሕጓ ስደተኛ በአገሪቱ ውስጥ እንዲንቀሳቀስ ፈቅዳለች፤ ከሰፈራ ወጥቶ ካምፓላ የሚሠራ ስደተኛ ብዙ ነው። ራሽኑን ግን ሰፈራው ውስጥ ትቶ ነው የሚሄደው።

የእኛዋ ኢትዮጵያስ? አዋጅ ቁጥር 1110/2011 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) በአንቀጽ 28 ለስደተኛና ለጥገኝነት ጠያቂ የመንቀሳቀስ ነጻነት ይሰጣል። ወዲያው ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ስደተኞች የሚኖሩበትን ቦታ ሊያዘጋጅ ይችላል ይላል። በአንድ እጅ የሰጠውን በሌላው እጅ ይዞታል። ይህ በሜይ 2024 አማራ ክልል ውስጥ ታይቷል። በኩመርና በአውላላ ካምፖች የነበሩ ሱዳናውያን ዝርፊያና ጥቃት ሲበዛባቸው አንድ ሺህ የሚሆኑት ጓዛቸውን ተሸክመው በእግራቸው ወደ ጎንደር አቅጣጫ ወጡ። ፖሊስ አስቆማቸው። ከዚያ በኋላ መንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ሸራ ወጥረው ለወራት ቆዩ። በኋላ አፍጥጥ የሚባል አዲስ ሰፈራ ተከፍቶ ሁለቱ ካምፖች ተዘጉ። እኛ በሰው አገር «ለምን ታግደናል?» ስንል፣ በእኛው አገር የታገዱትንም ማሰብ አለብን፤ የእነሱም እግር እግር ነው።

ወደ እንግሊዝ ልመለስና ሂሳቡን እንሥራ፤ ብዙዎቻችሁ ልባችሁ እዚያ ስለሆነ። በ2025 ምግቡን ራሱ የሚያበስል ጥገኝነት ጠያቂ በሳምንት 49.18 ፓውንድ ይሰጠዋል። ሆቴል ውስጥ ሆኖ ምግብ የሚቀርብለት ደግሞ 9.95 ፓውንድ ብቻ። አብዛኛው መሥራት አይፈቀድለትም። የሳምንቷን ማለፊያ ለገበያ ወይም ለቤተ ክርስቲያን ተጠቅሞባት ከሆነ፣ ሌላ ቀን ደርሶ መልስ 6 ፓውንድ ያወጣል። ከ9.95 ላይ 6 ሲነሳ 3.95 ይቀራል። በዚያ ነው ሳምንቱን ሳሙናም የስልክ ካርድም የሚገዛው። ለባለ ደሞዝ ርካሽ የተባለው ሦስት ፓውንድ፣ ለእሱ ከሳምንት ገቢው አንድ ሦስተኛ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ስለዚህ የእግር መንገዱ ሕግ ለእሱም ክፍት ነው፣ ማም ቶር ላይ ማንም ወረቀት አይጠይቀውም፤ ግን መንገዱ የሚጀምርበት ቦታ ለመድረስ ገንዘብ የለውም። ኬንያ ያለው ወንድማችን ደግሞ ገንዘቡ ተበድሮም ቢሆን ይገኛል፣ ፈቃዱ ነው የሌለው። የሁለቱ ውጤት አንድ ነው፣ ሁለቱም በር ላይ ቁጭ ብለው ይውላሉ። በ2025 እንግሊዝ የስደተኛ ፈቃድ በየ30 ወሩ እንደገና ይታያል፣ ቋሚ መኖሪያ ለማግኘት 20 ዓመት ይጠበቃል የሚል አሠራር ለማምጣት ማሰቧን ጨምሩበትና፣ በር ላይ የሚቀመጥበት ዘመን ምን ያህል ሊረዝም እንደሚችል አስቡት።

አንድ ደስ የሚል ነገርም አለ። ከ2015 ጀምሮ «ሬፊውጂ ቴልስ» በሚል ስም በየዓመቱ የሚደረግ የእግር ጉዞ አለ። የመጀመሪያው ከዶቨር ተነስቶ ክሮውሊ ድረስ ነበር የተሄደው። በእስር ቤት የቆዩ ስደተኞችና እንግሊዛውያን አብረው በገጠሩ መንገድ ለቀናት ይሄዳሉ፣ ማታ ማታ ታሪክ ይነገራል። ጥያቄያቸው ግልጽ ነው። እንግሊዝ ሰውን በኢሚግሬሽን ጉዳይ ስታስር ከዚህ ቀን በላይ አላስርም የሚል ገደብ በሕግ አላስቀመጠችም፣ ያ ይቀመጥ ነው። ያለ ቀን ገደብ ታስሮ ለወጣ ሰው በሕዝብ መንገድ ላይ መራመድ ራሱ ክርክር ነው።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር። 26 ጁን የተባለው ሶማሊላንድ በ1960 ከእንግሊዝ ነጻ በወጣችበት ቀን ነው። እንግሊዞቹ ለገዢያቸው የሠሩት ስቴት ሃውስ ዛሬ ፍርስራሽ ሆኖ፣ ግቢው በቡልና በቆርቆሮ ጎጆዎች ተሞልቷል፤ የሚኖሩበትም ተፈናቃዮችና ከስደት የተመለሱ ሰዎች ናቸው። የተመለሱት ከየት መሰላችሁ? ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ። በ1988 የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ሀርጌሳን ሲደበድቡ የከተማው ሰው በእግሩ ድንበር ተሻግሮ ሶማሌ ክልል ገባ። ሐርተሼክ ካምፕ በጊዜው በዓለም ትልቁ ነበር ይባላል፤ የተዘጋው በ2004 ነው። እዚህ ሱቅ ቆሞ ከኢትዮጵያዊ ጋር አማርኛ የሚያወራ ሽማግሌ ሲገጥማችሁ፣ አማርኛውን ከየት እንዳመጣው አትጠይቁ።

ይህ ትዝታ ግን ኬላ ላይ ሁልጊዜ አይሠራም። ከተማ ውስጥ ሚኒባስ ላይ ሒሳብህን በዛድ ልከህ እንደ ማንኛውም ሰው ትሳፈራለህ። ችግሩ ከከተማ ስትወጣ ነው። ወደ በርበራ የሚወስደው መንገድ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሀርጌሳ 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስትሄድ የላስ ጌል መገንጠያ ይገኛል። ከዋናው መንገድ ወርደህ ጥቂት ኪሎ ሜትር በእግርህ ከሄድክ፣ ዋሻው ግድግዳ ላይ አንገታቸው ያጌጠ ላሞችና ከሥራቸው የቆሙ ሰዎች በቀይና በነጭ ተስለው ታያለህ። ሥዕሎቹ አምስት ሺህ ዓመት አካባቢ ይሆናቸዋል። የአካባቢው ዘላኖች ድሮም ያውቋቸው ነበር፤ የተቀረው ዓለም ያወቃቸው በ2002 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከመጡ ወዲህ ነው። በእንግሊዞቹ ቋንቋ፣ በአውቶቡስ የሚደረስ የገጠር የእግር ጉዞ ማለት ይኸው ነው። ፈረንጅ ቱሪስት ወደዚያ ሲሄድ ፈቃድ ያወጣል፣ ለብዙ ዓመት ደግሞ የታጠቀ ፖሊስ ይዞ ነበር የሚሄደው። ለእሱ ፖሊሱ ጠባቂ ነው። ኢትዮጵያዊ ከመኪና ሲወርድ የሚያየው ያው ፖሊስ «ታህሪብ ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። በዚሁ አገር አቋርጠው በእግራቸው ወደ ቦሳሶና ወደ የመን የሚሄዱ ወጣቶች ብዙ ስለሆኑ፣ መንገድ ዳር የሚራመድ አበሻ ሁሉ ወደ ባሕር የሚሄድ ተደርጎ ይታያል። ጫቱ ግን ከእኛው አገር በየቀኑ እየጋለበ ይገባል፤ እሱን «ወዴት ነህ?» የሚለው የለም፣ እንዲያውም መንገድ ይለቀቅለታል።

ሶማሊላንድ ኮንቬንሽኑን አልፈረመችም፣ እንደ አገር ስላልታወቀች ልትፈርምም አልቻለችም። ዲሴምበር 26፣ 2025 እስራኤል እውቅና ሰጠሁ ካለች ወዲህ ከተማው ሁሉ የሚያወራው ስለ እውቅና ነው። ደስታቸው ይገባኛል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን እውቅናው እየሰፋ ከመጣ አንቀጽ 26ም አብሮ ይመጣል ወይ የሚለው ነው። እስከዚያው እዚህ ያለ ስደተኛ የሚይዘው የዩኤንኤችሲአር ወረቀት ነው፤ ዋጋውን የሚወስነውም ኬላ ላይ የቆመው ሰው የዚያን ቀን ስሜት ነው።

«አሁን ሰው ተርቦ ስለ ሽርሽር ታወራለህ?» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። የማወራው ሰው ስለተራበ ነው። በ2025 አጋማሽ ካኩማ ላይ ራሽን ከሙሉው መጠን ወደ 28 በመቶ ወርዷል። በኢትዮጵያም የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ለ780,000 ስደተኞች የሚሰጠውን ከ60 ወደ 40 በመቶ ቀንሷል። ራሽን ሙሉ በነበረበት ጊዜ «ካምፕ ተቀመጡ፣ እኛ እናበላችኋለን» የሚል ስምምነት ነበር ማለት ይቻላል። ምግቡ ተቀንሶ አጥሩ እንደነበረ ሲቀር ስምምነቱ በአንድ ወገን ፈርሷል። ከካኩማ ወደ ሎድዋር ወርዶ የቀን ሥራ የሚፈልግ ሰው የጎደለውን ለመሙላት እየሞከረ ነው። ለሽርሽር የማይፈቀድ መንገድ ለሥራም አይፈቀድም፤ ኬላው ላይ የሚጠየቀው ወረቀት አንድ ነው።

ስለዚህ በየካምፑ የስደተኞች ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ፣ ከኤጀንሲዎቹ ጋር ስብሰባ ስትቀመጡ ዘይትና ማሽላ ብቻ ይዛችሁ አትግቡ። የመንቀሳቀሻ ፈቃድ የሚፈርመው ማን እንደሆነ፣ በስንት ቀን እንደሚደርስ፣ ለስንት ቀን እንደሚያገለግል ጠይቁ። የተከለከለ ሰው ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠው ጠይቁ፤ በቃል የተባለ «አይቻልም» ይግባኝ የለውም። ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ጠይቆ ስንቱ እንደተፈቀደለት ቁጥሩን ጠይቁ። ቁጥሩን ከሰጧችሁ ወደዚህ ብሎግ ላኩት፣ ካምፕ ከካምፕ እያነጻጸርን እናወጣዋለን። ካልሰጧችሁም መቼና ማን እንደከለከላችሁ ጻፉልን።